ወፍጮውን ሁለት አድርጎ የሚከፍለው ሽንኩርት

በእኛ መንደር ዕድሜው ከሃያ በታች የሆነ ሰው ሁሉ የማንዳ ጋንጉርዴን ምስር በሩዝ በልቶ ነው ያደገው። ማንዳ የመንደሩ የሕፃናት ቤት ረዳት ነበረች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከየቤቱ ትለቅማለች፣ አፍንጫቸውን ትጠርጋለች፣ ታበላለች፣ ያለቀሰውን ታባብላለች፣ የተናከሱትን ትገላግላለች። ፊደልና መዝሙር የምታስተምረው ግን ሌላ ሴት ነበረች። ማንዳ ድስቷን እያማሰለች ከጓዳ ሆና መዝሙሩን አብራ ትዘምራለች። ልጆቹ ደግሞ ግጥሙ ሲጠፋባቸው ዘወር የሚሉት ወደ ጓዳው ነው።

አስተማሪ ያልሆነችው በአንድ ፈተና ምክንያት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለመጨረስ የባዮሎጂ የተግባር ፈተና ብቻ ቀርቷት ሳለ፣ ቀን ቆጣሪው ለሠርጓ የመረጠው ቀን ከፈተናው ቀን ጋር ገጠመ። አባቷ ፈተናውን ሌላ ጊዜ ትወስጃለሽ አሏት። ሌላ ጊዜ የሚባለው ነገር እንደምታውቁት ነው።

«ጓደኞቼ ለፈተናው የሽንኩርት ሥር ሲቆርጡ እኔ እንደ ሙሽራ ወግ እርድ እየተቀባሁ ነበር» ትላለች። «እነሱ ሥሩን በቀይ ቀለም ነከሩ፣ እኔ ቢጫ ሆንኩ።» ስትናገረው እየሳቀች ነው። ግን ሁልጊዜ ትናገረዋለች።

ባለፈው ዓመት የሕፃናት ቤቱ አስተማሪ ጡረታ ልትወጣ መሆኑ ተሰማ። ቦታው ለረዳቷ ሊሰጥ ይችላል፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ከሆነች። ካልሆነች ከሌላ መንደር ሰው ይመጣል፣ ማንዳም እንደ ወትሮዋ ከጓዳ ትዘምራለች። ወሬው በተሰማ ማግስት በሬን አንኳኳች። እኔ በመንደሩ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። እጇ ላይ የማሽላ ዱቄት ነበረ።

«ታይ» አለችኝ፤ እንደ ታላቅ እህቷ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ሽንኩርቱ አሁንም ይከፈላል?»

«የቱ ሽንኩርት?»

«የፈተናው ነዋ። በእኛ ጊዜ የሥሩ ጫፍ ይከፈል ነበር። ትምህርቱ ተለውጦ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ትምህርቱ ቢለወጥም ሽንኩርቱ አልተለወጠም» አልኳት። ዱቄቱን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችና እዚያው በሬ ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ቂጡ ውኃ እንዲነካ ተደርጎ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል። ነጫጭ ሥሮች ሲያወጣ ጫፋቸው በጠዋቱ ይቆረጣል፣ በአሲድ ይለሰልሳል፣ ቀይ ቀለም ይጠጣል፣ ከዚያም በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል በአውራ ጣት ይጨፈለቃል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሕዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ሥራ ላይ አይደሉም፣ አስኳላቸው መሃል ላይ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ስትከፈል እጅ ከፍንጅ ትያዛለች። በአንዷ ክሮሞዞም የሚባሉት ክሮች ወፍረዋል፣ በሌላዋ መሃል ላይ ተሰልፈዋል፣ በሌላዋ ወደ ሁለቱ ዳር እየተጎተቱ ነው፣ በሌላዋ ደግሞ መሃሉ ላይ አዲስ ግድግዳ እየቆመ ነው። ተፈታኙ ቢያንስ አንዲቱን ፈልጎ ማግኘትና ምን ደረጃ ላይ እንዳለች መናገር አለበት። ካላገኘ ወደቀ።

ማንዳ ይህን ሁሉ በቶሎ ያዘች። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ፤ ማይቶሲስ የሚለውን ስም ከአፏ ማውጣት። በእኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ማንዳም ባሏን ሱዳምን በልጃቸው ስም «የሩቱጃ አባት» ነው የምትለው፤ የሠርግ ሰው አፋጥጦ ሲይዛት ብቻ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ስሙን በሁለት መስመር ግጥም ውስጥ ሸጉጣ ትናገረዋለች። ማይቶሲስንም እንደ ባሏ አደረገችው። ስሙ ከባድና ፈረንጅኛ ስለሆነባት «ክፍፍሉ» ትላለች።

«ማንዳ፣ ፈታኟ ፊት ክፍፍሉ ካልሽ አይሆንም።»

«ያን ጊዜ እለዋለሁ፣ ታይ። እስከዚያ በስሙ እየጠራሁ ለምን አደፋፍረዋለሁ?»

ይህች ክፍፍል የምትባል ቃል ናት ጣጣ ያመጣችው።

የማንዳ አማት ቺማባይ ይባላሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው፣ የማንዳ ባል ሱዳምና ታናሹ ኤክናት፣ ከነሚስቶቻቸው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ምድጃ፣ በአንድ የሽንኩርት ማከማቻ ዳስ ይኖራሉ። የዳሱ ቁልፍ ከቺማባይ ወገብ አይወርድም። እኚህ ሴት እባብ አይፈሩም፣ ጎርፍ አይፈሩም፤ የሚፈሩት ክፍፍልን ነው። ሙሽራ ሆነው በገቡበት ዓመት ባላቸውና የባላቸው ወንድም ተጣልተው ቤቱን ተካፈሉ። ግቢው መሃል ግድግዳ ቆመ። ማሰሮው ተቆጠረ፣ ላሟና ጥጃዋ ተለያዩ፣ በመጨረሻ የእጅ ወፍጮው ቀረ። ሁለቱም አልለቅም ስላሉ አንዱ የላይኛውን ድንጋይ፣ ሌላው የታችኛውን ወሰደ። የታችኛው ድንጋይ እስከዛሬ በቺማባይ ደጃፍ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ተቀምጧል። የላይኛው ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የበግ ገመድ ይታሰርበታል።

አንድ ጠዋት ታዲያ ማንዳ ቂጣ እየጋገረች ታጠናለች፣ ሱዳም መጽሐፉን ይዞ ይጠይቃታል። ቺማባይ ከጓዳው ጀርባ ፍየል እያለቡ ነበር። ምራታቸው እንዲህ ስትል ሰሙ።

«ክፍፍሉ ከመጀመሩ በፊት ዝግጅቱ በውስጥ በውስጥ ያልቃል። ከውጭ ለሚያይ ምንም ያለ አይመስልም።»

«ከዚያስ?» አለ ልጃቸው።

«ከዚያ መሃል ላይ ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ወደዚህ፣ አንዱ ወገን ወደዚያ ይጎተታል።»

«ግድግዳውስ መቼ ነው የሚቆመው?»

«መጨረሻ ላይ ነዋ! ምን ያስቸኩልሃል?»

ቺማባይ ወተቱን እዚያው ጥለው እኔ ቤት ገቡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ቲቸር፣ አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ። ከመቼ ወዲህ ነው ሚስትየው ግድግዳ የምታቆመው?»

«የምን ግድግዳ፣ እማማ?»

«በውስጥ በውስጥ ጨርሰውታል። ከውጭ ለሚያይ ምንም አይመስልም አለች፣ በጆሮዬ ሰማሁ! ያ ደደብ ልጄ ደግሞ መቼ ነው እያለ ይቸኩላል። ኤክናት ይህን ቢሰማ ምን ይላል? እኔን ለማን ሊሰጡኝ ነው? የላይኛው ድንጋይ ነኝ የታችኛው?»

ሳቄ መጣ፣ ግን ዋጥኩት። ይዣቸው ሄድኩ። ማንዳ ነገሩን ስትሰማ እጇ ላይ ያለውን ሊጥ እንደያዘች አፏን ከፈተች።

«እማማ፣ ክፍፍሉ የሽንኩርቱ ነው እንጂ የእኛ አይደለም!»

«ሽንኩርት ከማን ጋር ተጣልቶ ነው የሚከፈለው?»

«ከማንም አልተጣላም። የሚከፈለው ሊያድግ ነው።»

«ተከፍሎ ያደገ ቤት አሳዪኝ!» አሉና በጣታቸው ወደ ድንጋዩ አመለከቱ። «ያውልሽ ክፍፍል። ልብስ እጠቢበት።»

ማንዳ ድንጋዩን አየች፣ ሊጡን አየች። ከዚያ ያደረገችውን እኔ በትምህርት ቤት አድርጌው አላውቅም። ከሊጧ ቆረሰችና ሁለት ትናንሽ ድቡልቡል ሠራች፣ አንዱን በአንዱ ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ወፍጯችን ነው። የላይኛው፣ የታችኛው። የእናንተ ሰዎች ያደረጉት እንዲህ ነው።» አለያየቻቸው። «አሁን ማንም አይፈጭም። ሽንኩርቱ ግን መጀመሪያ ሌላ ወፍጮ ይሠራል፣ ቁርጥ የፊተኛውን የሚመስል።» ሌላ ሁለት ድቡልቡል ሠርታ አጠገባቸው አስቀመጠች። «የላይኛውም እጥፍ፣ የታችኛውም እጥፍ። ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር። ሁሉም እጥፍ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው ወደዚህና ወደዚያ የሚጎተተው። ግድግዳው ሲቆም በሁለቱም ቤት ሙሉ ወፍጮ አለ። ጎደለብኝ የሚል የለም።»

ቺማባይ አራቱን ድቡልቡል ሊጥ ብዙ ጊዜ አዩ።

«እና ሽንኩርት ከባሌና ከወንድሙ ይሻላል ነው የምትዪኝ?»

«እኔ አላልኩም፣ እማማ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አሉ። ሱዳም ከማዶ ሊስቅ ሲል በዓይናቸው ያዙት። «አንተ ደግሞ ግድግዳው መቼ ነው እያልክ አትጩህ። ጎረቤት ይሰማል።»

ከዚህ በኋላ ፈተናው የቺማባይ ሆነ ማለት ይቻላል። ተፈታኝ የራሱን ሽንኩርት ይዞ እንደሚመጣ ሲሰሙ ቁልፋቸውን ፈቱና ከዳሱ አንድ ሽንኩርት ይዘው ወጡ። የብርቱካን ያህል ክብ፣ ቅርፊቱ እንደ ነሐስ የሚያበራ፣ እንከን የሌለው። «የጋንጉርዴ ቤት ሽንኩርት ይሄ ነው። ፈታኟ ትየው» አሉ።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት እኔና ማንዳ በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሙከራ ሠራን። ሥሮቹ አጫጭር ነበሩ፣ ብቅ ብለው ቀርተዋል። ቆረጠች፣ አለሰለሰች፣ ነከረች፣ ጨፈለቀች። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍታ ቆየች፣ ቆየች።

«ታይ፣ ሁሉም ተኝቷል።»

አየሁ። እውነቷን ነው። ጡቦቹ ተደርድረዋል፣ አስኳሎቹ ተቀምጠዋል፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ሌላ ሥር ቆረጥን። እሱም ተኝቷል።

«እኔን ሲያይ ነው እንዴ የሚተኛው?» አለች። ልትቀልድ ነበር፣ ዓይኗን ግን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ያለኔ ሲከፈል ኖሮ?»

«ማንዳ፣ ይህ ሽንኩርት ከየት ነው የመጣው?»

«ከእኛ ዳስ ነዋ።»

«የእናንተ የአምና ሽንኩርት በዚህ ወር ሳያበቅል እንዲህ ያምራል?»

ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ኤክናት! ከነጋዴው አንድ ጆንያ ተቀብሎ መጥቶ ነበር… ጨረር ቤት የገባውን!»

ወደ ባሕር ማዶ የሚላከው ሽንኩርት መርከብ ላይ እንዳያበቅል በጨረር ቤት ያልፋል። ጨረሩ ሽንኩርቱን አያበላሸውም፣ ጣዕሙም ያው ነው፤ የሕዋሶቹን ክፍፍል ግን ይዘጋዋል። ቺማባይ ከቤቱ ሁሉ ቆንጆውን መርጠው የሰጡን፣ ለዘላለም እንዲተኛ የተፈረደበትን ነበር።

ሳቅን። ማንዳ ግን ቶሎ አቆመች። «እማማ ሌላ አይሰጡኝም።»

ለምን እንዳለች ገብቶኛል። በእኛ አገር ያበቀለ ሽንኩርት ከቤት ሲወጣ ማየት እንግዳ ፊት ከነቀዘ ዱቄት ቂጣ እንደ ማቅረብ ነው፤ ቤቱ አያያዝ አያውቅም ማለት ነው። አዲስ የተነቀለው ደግሞ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም፣ ሥር ለማውጣት ይለግማል። ከገበያ እንዳትገዛ፣ የጋንጉርዴ ምራት ሽንኩርት ገዛች ተብሎ ከተወራ ከመካፈልም የባሰ ነው። የቀረው በዳሱ ጥግ፣ ከጆንያ ጀርባ የተሸሸገው የአምናው ያበቀለ ሽንኩርት ብቻ ነበር።

አብረን ሄድን። ቺማባይ ዳሱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ ያበቀለ ሽንኩርት አንድ ይስጡኝ።»

«እኛ ቤት ያበቀለ ሽንኩርት የለም።»

ከጀርባቸው፣ በቀርከሃው ክፍተት፣ አረንጓዴው ቅጠል ክንድ የሚያህል ሆኖ ወደ ውጭ ተዘርግቷል። ነፋስ ሲመጣ ትከሻቸውን ይነካል።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሣር ነው» አሉ፣ ሳይዞሩ።

ማንዳ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማማ፣ ያ የሰጡኝ ቆንጆው፣ ወፍጮውን ሁለት ማድረግ አይችልም። ጨረር ቤት ገብቶ ወጥቷል። እንዲሁ እንዳማረበት ቁጭ ይላል። የሚችለው ይሄ ሣር ነው። አሁን ካልሰጡኝ ሥር አያደርስልኝም። እወድቃለሁ። የሕፃናት ቤቱም ለሌላ ይሆናል።»

«ፈታኟ ከናሺክ ከተማ ነው የምትመጣው?»

«ከናሺክ ነው።»

«ጋንጉርዴዎች ሽንኩርት አይዙም ብላ እዚያ ብታወራስ?»

«ታውራ። እኔ አልፌ እዚህ ደግሞ አወራለሁ።»

ቺማባይ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱና ለመጀመሪያ ጊዜ በማንዳ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «ግቢ፣ አንቺው ምረጪ። ግን በሳሪሽ ሸፍነሽ ውጪ። ከግድግዳው ማዶ ያሉት እንዳያዩ።»

ማንዳ ስትወጣ እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ነበር። አረንጓዴው ጫፍ ብቻ በክንዷ ሥር ወጥቶ ይታያል።

በፈተናው ቀን ከልጅ እግር ተማሪዎች መካከል ሳሪ የለበሰች እሷ ብቻ ነበረች። ፈታኟ ጠና ያሉ፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው። የማንዳን ብርጭቆ አይተው ቆሙ። አስቀያሚ ሽንኩርት ነው፣ ቅርፊቱ ተልጧል፣ ቅጠሉ ወደ አንድ ጎን ጋድሏል። ከሥሩ ግን ነጭ ጢም የመሰለ ሥር ብርጭቆውን ሞልቶታል።

«የት አገኘሽው?»

«ከቤቴ ነው። አማቴ የሰጡኝ።»

«ጥሩ አማት ናቸው» አሉና አለፉ።

ማንዳ አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ ጫን አለች። ቂጣ ስትጠፈጥፍ የኖረ ጣት ነው፣ ምን ያህል እንደሚጫን ያውቃል። ከዚያ ፍለጋ ገባች። እኔ ከክፍሉ ማዶ ቆሜ ትከሻዋን አያለሁ። ሌሎቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እያወጡ ፈታኟን ጠሩ። ማንዳ መስታወቱን ወደ ግራ ገፋች፣ ወደ ቀኝ ገፋች። አንዴ ቀና ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እንደገና አጎነበሰች። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋ ወረደ፣ እጇ ወጣ።

ፈታኟ አዩ። «ምን ደረጃ ነው?»

«ቴሎፌዝ። ሁለቱም ወገን ዳር ደርሷል፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ እየቆመ ነው።»

«እናቲቱ አሥራ ስድስት ክሮሞዞም ከነበራት እያንዳንዳቸው ስንት ይዘው ይወጣሉ?»

«አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት።»

«ስትካፈል ስምንት ስምንት መሆን አልነበረበትም?»

«ሳትካፈል በፊት እጥፍ አድርጋዋለች። ወፍጮን ለሁለት የሚለያይ ሰው ብቻ ነው።»

ፈታኟ ቀና ብለው አዩዋት። «የሂደቱስ ስም ማን ይባላል?»

ማንዳ ቀላች። እውነቴን ነው፣ እንደ ሙሽራ ቀላች። ክፍፍሉ ልትል ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ የሳሪዋን ጫፍ ጭንቅላቷ ላይ አስተካከለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለችና እንዲህ አለች፦

«የሽንኩርቱን ሥር ጫፍ በቀይ ነከርኩት፣
ማይቶሲስ ይባላል ሁለት ሆኖ ያየሁት።»

ሴቶቹ ልጆች በእልልታ ምትክ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛ ላይ ደበደቡ። ፈታኟ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እኔም በሠርጌ ቀን ባሌን እንዲህ ነው የጠራሁት» አሉ። «ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ሆኖ አላየሁትም፣ አንዱም በዝቶብኛል።» ነጥቡን ጻፉና አለፉ።

ቺማባይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከጠዋት ጀምረው ተቀምጠው ነበር። ማንዳ ማለፏን ከገጿ አወቁ፣ ግን አልበቃቸውም፤ እኔም ልይ አሉ። መስታወቱን ጠርዙን በጥፍር ቀለም አሽጌ አስቀምጬው ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ከድነው ብዙ ቆዩ።

«ግድግዳው ይሄ ነው?»

«አዎ እማማ» አለች ማንዳ።

«ስስ ነው።»

«አዎ። ትናንሽ ቀዳዳም አለው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ነገር ያልፍበታል።»

ቺማባይ ዓይናቸውን አላነሱም። «እንዲህ ከሆነስ ይገንቡት» አሉ። «በእኔ ጊዜ ሰላምታ እንኳ የማያሳልፍ ነው የገነቡት።»

ዝናቡ ሲገባ ማንዳ በሕፃናት ቤቱ ከጓዳ ወጥታ ከልጆቹ ፊት ቆመች። መዝሙሩ ያው ነው፣ አሁን ግን ልጆቹ ዞር አይሉም። የሽንኩርቱ ግጥም ከተማሪዎቹ አልፎ ሠርግ ቤት ገብቷል፣ ሙሽራን ለማፋጠጥ «የሽንኩርቱን በይ» ይባላል። ያ አስቀያሚ ሽንኩርት ደግሞ በሕፃናት ቤቱ ደጃፍ ተተክሎ ዙሪያውን ድቡልቡል ነጭ አበባ አውጥቷል። ቺማባይ በዚያ ሲያልፉ መንገደኛውን፣ ነጋዴውን፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉትን የባላቸውን ወንድም ልጆች ሳይቀር እጃቸውን ይዘው ያቆማሉ።

«አያችሁ?» ይላሉ። «የጋንጉርዴ ቤት ሽንኩርት እኮ ያበቅላል!»